ከተንደርበርድ ወደ አውትሉክ የማዛወሩ ሥራ ለሙያዎ ይጠቅማል ወይ?

ውድ ጠያቂያችን፣ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዲፕሎማ ይዘው በአንድ አነስተኛ አስመጪ ድርጅት በጸሐፊነት እንደሚሠሩ፣ ድርጅቱ የ9 ሠራተኞቹን ኢሜይል ሞዚላ ተንደርበርድ ከተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ወደ ሌላው፣ ወደ ማይክሮሶፍት አውትሉክ፣ ለማዛወር መወሰኑንና ሥራው በቃል ለእርስዎ መሰጠቱን ጽፈውልናል። አንድ መልእክት ቢጠፋ ተጠያቂ እሆናለሁ ብለው በመስጋት «ይቅርብኝ ልበል ወይ?» ሲሉም ጠይቀዋል።

እንዲቀበሉት እመክራለሁ፤ ነገር ግን ትእዛዙ በጽሑፍ ይሰጥዎ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ሠራተኛው ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ በተግባር ግን ደብዳቤው ብዙ ጊዜ ከሥራ መደቡ ስም አያልፍም። «በጸሐፊነት አገልግላለች» የሚል ማስረጃ ብቻ ይዘው ለአይቲ ድጋፍ ሰጪነት ቢወዳደሩ ሊያልፉ የሚችሉበት ዕድል ጠባብ ነው። ሥራው በማስታወሻ ከተሰጠዎና ሲጠናቀቅ አጭር ሪፖርት ካስገቡ ግን፣ የልምድ ደብዳቤው ላይ እንዲጠቀስልዎ የሚጠይቁበት መሠረት ይኖርዎታል።

ስለ ሥራው ራሱ ደግሞ፣ ከሁሉ በፊት የእያንዳንዱ ሠራተኛ ኢሜይል በአይማፕ (መልእክቱን ሰርቨሩ፣ ማለትም ኢሜይሉን የሚያስተናግደው ማዕከላዊ ኮምፒውተር ላይ በሚያኖረው መንገድ) ነው ወይስ በፖፕ (መልእክቱን ወደ ሠራተኛው ኮምፒውተር በሚያወርደው መንገድ) የሚገባው የሚለውን ያጣሩ። በአይማፕ ከሆነ መልእክቶቹ ሰርቨሩ ላይ ስላሉ አውትሉክ ላይ ያው መለያ ሲከፈት አብረው ይመጣሉ። በፖፕ ከሆነ ግን፣ በተለይ ቆየት ያሉት መልእክቶች፣ ያ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል፤ ለጭንቀትዎ እውነተኛ ምክንያት የሚሆነውም ይኸው ነው። ተንደርበርድ በተለመደው አሠራሩ እያንዳንዱን ፎልደር ኤምቦክስ በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ ያኖራል፤ አውትሉክ ደግሞ ይህን ፋይል በቀጥታ አይከፍትም። ስለዚህ የተንደርበርዱን የፕሮፋይል ፎልደር (መልእክቶቹና ቅንብሩ የሚቀመጡበትን) ሙሉ በሙሉ ወደ ውጫዊ ዲስክ ከገለበጡ በኋላ፣ ያንኑ መለያ በተንደርበርድ በአይማፕ ይክፈቱና የቆዩትን መልእክቶች ወደ ሰርቨሩ ጥቂት በጥቂት ይቅዱ። ልብ ይበሉ፣ የሚቀዱት እንጂ የሚያነሡት አይደለም፤ ሰርቨሩ ላይ በቂ ቦታ መኖሩንም አስቀድመው ያረጋግጡ። የየፎልደሩን የመልእክት ብዛት በፊትና በኋላ መዝግበው ያስፈርሙ። ከአቅራቢ የተላከ አንድ ፕሮፎርማ ጠፋ ቢባል የሚከላከልልዎ ይህ ወረቀት ነው።

የአድራሻ መዝገቡ ትንሽ ቢመስልም ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚያ ላይ ነው። አድራሻዎች በሲኤስቪ ፋይል (በነጠላ ሰረዝ በተለየ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) ሲወጡና ሲገቡ የፊደል አመዘጋገቡ ዩቲኤፍ-8 (የአማርኛን ፊደላትም የሚይዘው) ካልሆነ፣ በአማርኛ የተጻፉ ስሞች የጥያቄ ምልክት ድርድር ሆነው ይገኛሉ። ሁሉንም ከማስገባትዎ በፊት በሁለት ሦስት የአማርኛ ስሞች ይሞክሩት። የመልእክት ማጣሪያ ደንቦች (የሚገባውን መልእክት በራሳቸው ወደየፎልደሩ የሚመድቡት) አብረው ስለማይሻገሩ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጠይቀው በወረቀት ይያዙና አውትሉክ ላይ እንደ አዲስ ያዘጋጁ።

ከተዛወሩ በኋላ ደግሞ «የቆየው ኢሜይሌ ጠፋ» የሚል ስሞታ መምጣቱ አይቀርም። መለያው በማይክሮሶፍት የኢሜይል አገልግሎቶች፣ በኤክስቼንጅ ወይም በማይክሮሶፍት 365፣ ላይ ከሆነ፣ አውትሉክ ኮምፒውተሩ ላይ የሚያስቀምጠው የተወሰነ ጊዜ መልእክት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ቀሪው ሰርቨሩ ላይ አለ፣ የጊዜ ገደቡም ከመለያው ቅንብር ውስጥ ይለወጣል። ይህንን አስቀድሞ ለሠራተኞቹ መንገር ግማሹን ጭቅጭቅ ያስቀራል።

የማንንም የይለፍ ቃል አይቀበሉ፤ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ያስገባ። የሥራ አስኪያጁም ቢሆን! የሰው ደብዳቤ በእጁ የሚያልፍ ባለሙያ ከምንም በላይ የሚመዘነው በዚህ ጠባዩ ነው፤ ቀጣሪዎችም በቃለ መጠይቅ ላይ ይህን መስማት ይወዳሉ።

ሲቪዎ ላይ «አውትሉክ እችላለሁ» ብለው አይጻፉ፤ ማንም የሚጽፈው ነው። «የ9 ሠራተኞችን ኢሜይል፣ የአድራሻ መዝገብና ማጣሪያ ከተንደርበርድ ወደ አውትሉክ አዛውሬአለሁ፤ የመልእክት ብዛት ማመሳከሪያና የሥራ ሪፖርት አዘጋጅቻለሁ» ይበሉ፤ የሪፖርቱንም ቅጂ፣ ሥራ አስኪያጁን አስፈቅደውና የደንበኞችን ስም አውጥተው፣ ከማስረጃዎችዎ ጋር ያያይዙ።