ኪጋሊ ለምትሄደው እህታችን፦ ንባቡን ከ1994 አትጀምሪ

ጥያቄሽ «ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ሩዋንዳ እሄዳለሁ፣ ስለ ዘር ጭፍጨፋው በጅምላ ከሰማሁት በቀር የማውቀው የለም፣ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል፣ ቢሮዬ ስታዲየም ስለሆነ ከሥራ መልስ የማነብበት ቦታም ጠቁሙኝ» የሚል ነው። እስካሁን የመለሱልሽ አብዛኞቹ «ሆቴል ሩዋንዳ» የተባለውን ፊልም እዪ ብለውሻል። እሱን ለመጨረሻ አቆዪው፤ ከሠልጣኞች ጋር ወሬ መጀመሪያም አታድርጊው። ፊልሙ ጀግና ያደረገው የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ፖል ሩሴሳባጊና በ2021 ኪጋሊ ውስጥ በሽብር ወንጀል ተፈርዶበት በ2023 ተፈትቷል፤ ስሙ ሲነሳ ማን ምን እንደሚሰማው አታውቂም።

እዚህ የጻፍኳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ማስታወሻሽ ላይ ግን ሁለቱንም ያዢ። በ1994 ጭፍጨፋው የተጀመረበት ኤፕሪል 7 በኛ መጋቢት 29 ነው፤ «ሚያዝያ 7» ብሎ የመዘገበ ሰው ስምንት ቀን ይስታል። በዚያ ቀን የመታሰቢያው ሳምንት ይጀመራል፣ ሙዚቃና ጭፈራ ይቆማል፣ መታሰቢያው እስከ ጁላይ፣ መቶ ቀን ይዘልቃል። የጉዞሽ ቀን እዚያ ውስጥ የሚወድቅ ከሆነ አሁኑኑ እዪው።

ንባቡን ከሕዝቡ አወቃቀር ጀምሪ። እኛ ብሔር ስንል የራሱ ቋንቋና አካባቢ ያለውን ነው። እዚያ ሁቱ፣ ቱትሲና ትዋ የተባሉት ሁሉም ኪኛርዋንዳ ይናገራሉ፣ አንድ ኮረብታ ላይ ጎን ለጎን ኖረዋል፣ አንዱ ጎሳ ውስጥ ሁቱም ቱትሲም ይገኝ ነበር። ቤልጂየሞች በ1916 ከጀርመኖች ተረክበው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሕዝቡን ቆጠሩና የእያንዳንዱን ሰው መደብ በመታወቂያ ላይ ጻፉበት። (አሥር ከብት ያለው ቱትሲ ተባለ የሚለውን ብዙ ቦታ ታገኚዋለሽ፤ ታሪክ አጥኚዎች ይከራከሩበታል፣ እንደ ቁርጥ ነገር አትያዢው።) ሲከብር ሲደኸይ ሊለወጥ ይችል የነበረው ነገር ከዚያ ወዲያ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሆነ። በ1994 ኬላ ላይ ይጠየቅ የነበረው ይኸው መታወቂያ ነው። ከጭፍጨፋው በኋላ ያ መስመር ከመታወቂያ ወጥቷል፤ ሰውን «አንተ ከየትኛው ነህ?» ብሎ መጠየቅም ነውር ነው። ቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ተጽፎልን ላደግን ሰዎች ይሄ ምዕራፍ ሁለቴ ቢነበብ አይበዛም።

ቀጥሎ ያለው በተለይ እኛን ኢትዮጵያውያንን ይመለከታል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። እንግሊዛዊው አሳሽ ስፒክ በ1863 ባሳተመው የጉዞ ማስታወሻ፣ የአካባቢውን መንግሥታት ያቆሙት ከኢትዮጵያ በኩል የመጡ ሰዎች ናቸው ብሎ ጻፈ። ሚሲዮኖችና ቅኝ ገዢዎች ይህንን ተቀብለው ቱትሲው ከሰሜን የመጣ ገዢ ነው፣ ሁቱው የመሬቱ ሰው ነው እያሉ አስተማሩ። ኋላ ያው ተረት ተገልብጦ መጣ። ኖቬምበር 22 ቀን 1992 ሙጌሴራ የተባለ የገዢው ፓርቲ ሰው ካባያ ላይ ሰው ሰብስቦ፣ የቱትሲዎች አገር ኢትዮጵያ ስለሆነ በኛባሮንጎ ወንዝ በኩል ቶሎ እንዲደርሱ እንልካቸዋለን አለ። ኛባሮንጎ ወደ አካጌራ፣ አካጌራ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይፈስሳል፤ በ1994 አስከሬን ሐይቁ ድረስ ወርዷል። ሰውየው በ2012 ከካናዳ ተላልፎ ተሰጥቶ በ2016 ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። እንግዲህ እኛ ስንሄድ «ሐበሻ እኮ ትመስላላችሁ፣ ከኛው ናችሁ» እንላለን። በፍቅር ነው የምንለው፣ ግን ያንኑ ተረት ነው የምንደግመው። እነሱ ራሳቸው መመሳሰሉን ካነሱት ሳቅ ብለሽ ወደ ቡና ወሬ እለፊ። ስለ ኢትዮጵያ ማንሳት ካማረሽ ሌላ አለልሽ፦ ኦገስት 1994 የፈረንሳይ ወታደሮች ከሩዋንዳ ደቡብ ምዕራብ ሲወጡ በተባበሩት መንግሥታት ስር ከተተኩት ውስጥ የኛ ሻለቃ ነበረበት።

ከዚያ 1959። በኖቬምበር በተነሳው ግጭት ብዙ ቱትሲዎች ወደ ኡጋንዳ፣ ቡሩንዲ፣ ኮንጎና ታንዛኒያ ተሰደዱ፤ በ1961 ዘውዱ ወደቀ፣ ጁላይ 1 ቀን 1962 ነፃነት መጣ። ኦክቶበር 1 ቀን 1990 ከኡጋንዳ የገባው ጦር ውስጥ የነዚያ ስደተኞች ልጆች ነበሩ። ይሄ ዛሬ ሥልጠናው ክፍል ውስጥ ያገኝሻል። አንዱ በእንግሊዝኛ፣ አንዱ በፈረንሳይኛ፣ ሌላው በስዋሂሊ ይቀለዋል፤ በዕድሜ የገፉት ላይ ቋንቋው ያደጉበትን አገር ይጠቁማል፣ ያደጉበት አገር ደግሞ የቤተሰቡን ታሪክ። ስለዚህ «የት ነው ያደግሽው?» እንደኛ አገር ቀላል የትውውቅ ጥያቄ አይደለም። ራሳቸው ካወሩሽ አድምጪ። ወጣቶቹ ላይ ይሄ አይሠራም፤ ትምህርት ቤት ከ2008 ወዲህ ወደ እንግሊዝኛ ዞሯል።

ጭፍጨፋውን ስትጠሪ «በቱትሲዎች ላይ የተፈጸመው የዘር ማጥፋት» በዪ፤ የተባበሩት መንግሥታትም ከ2018 ጀምሮ የመታሰቢያውን ቀን እንዲያ ነው የሚጠራው። «እርስ በርስ ተላለቁ» የሚለውን የለመድነውን አባባል እዚሁ ተዪው፤ እዚያ ጭፍጨፋውን መካድና ማቃለል በሕግ ያስጠይቃል።

የሚነበበውን በተመለከተ፦ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በቀድሞው የቦትስዋና ፕሬዚዳንት ማሲሬ ሰብሳቢነት አስጠንቶ በ2000 ያወጣው ሪፖርት ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ረጅም ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ከቅኝ ግዛት በፊት ጀምረው ስለሚያመጡሽ እነሱን በደንብ አንብቢ፣ ስለ ዲፕሎማሲው ያለውን ብትዘይው ብዙ አይጎዳሽም። ስልክ ላይ ግን አይነበብም። ከስታዲየም ተነስተሽ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ብትገቢ ላፕቶፕ ዘርግተሽ መቀመጥ ትችያለሽ። ለቆየ መጽሐፍ ወመዘክር ይሻልሻል። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት መጽሐፍ ሻጮች ከገዛሽ መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት እዪ፦ የ1950ዎቹ ከሆነ ያንን የስፒክን ተረት እንደ እውነት ሊነግርሽ ይችላል።

ከ2006 በፊት የታተመ ካርታም ያሳስትሻል፤ አስተዳደሩ ሲከለስ የከተሞቹ ስም ተቀይሯል። ሽፋኑ ውስጥ ጻፊው፦ ቡታሬ ሁዬ፣ ጊታራማ ሙሃንጋ፣ ሩሄንጌሪ ሙሳንዜ፣ ጊሴኒ ሩባቩ፣ ኪቡዬ ካሮንጊ፣ ቻንጉጉ ሩሲዚ። መጽሐፉ ቡታሬ ይልሻል፣ የአውቶቡሱ ትኬት ሁዬ።

እዚያ ስትደርሺ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚወስድሽ ኪጋሊ ውስጥ ያለው የጊሶዚ የጭፍጨፋው መታሰቢያ ነው፤ ከ250,000 በላይ ሰው ያረፈበት ነው፣ ለማታ የእራት ቀጠሮ አትያዢበት። እንደኔ እንደኔ አንድ ነፃ ቀን ካለሽ መጀመሪያ ደቡብ፣ ኛንዛ ሂጂ። የሣር ክዳኑ የንጉሥ ቤት እንደገና ተሠርቶ ቆሟል፣ ቀንዳቸው የረዘመ የኢንያምቦ ላሞች ግቢው ውስጥ አሉ፤ ከ1994 በፊት አገር እንደነበረ በዓይንሽ ታያለሽ። የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ግን ጠዋት እንዳትነሺ። ኡሙጋንዳ ነው፣ ሰው ሁሉ ለሰፈር ሥራ ይወጣል፣ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ሱቁም ትራንስፖርቱም ጭር ይላል። ሰዓትሽንም ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ወደኋላ መልሺው።