ፈረቃውን ውሰጂው

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ልንገራቸው። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መካኒካል ምህንድስና ጨርሰሻል። የመመረቂያ ሥራሽ በተደራራቢ ፕሌቶች (ስስ የብረት ገጾች) የተሠራ ሂት ኤክስቼንጀር፣ ማለትም ሙቀትን ከአንዱ ፈሳሽ ወደ ሌላው የሚያሻግር መሣሪያ፣ ሙቀት በተሻለ ቅልጥፍና እንዲያስተላልፍ ማድረግ ላይ ነበር። ሁሉንም በኮምፒውተር ሠርተሽ ጥሩ ውጤት አገኘሽበት። አሁን ኮምቦልቻ ያለ የወተት ማቀነባበሪያ በፈረቃ የጥገና ቴክኒሻንነት ሊቀጥርሽ ነው። ደሴ ያሉት አባትሽ ግን «አምስት ዓመት ያስተማርኩሽ ቱታ ለብሰሽ መፍቻ እንድትይዢ አይደለም» ብለዋል። አዲስ አበባ አክስትሽ ዘንድ ሆነሽ ማስተርስ ጀምሪ፣ ካልሆነም የባንክ ማስታወቂያ ጠብቂ ነው የሚሉት። አንቺም «የወደድኩት ትምህርት ጥገና ክፍል ገብቶ እንዳይቀበር ፈራሁ» ትያለሽ።

አብሽሪ፣ አይቀበርም። እንዲያውም ያ ትምህርት በሕይወት የሚገኘው እዚያ ነው።

የምትገቢበትን ፋብሪካ ሥራ ብቻ እንይ። ወተቱ 4 ዲግሪ ላይ ሆኖ ይገባል እንበል። ጀርሙ እንዲሞት 72 ዲግሪ ደርሶ 15 ሰከንድ መቆየት አለበት። ፕሌቶቹ የሚሠሩት ትኩሱ ወተት ሲወጣ፣ የሚገባውን ቀዝቃዛ እንዲያሞቅ ነው። ከሙቀቱ 90 በመቶው በዚህ መንገድ ከተመለሰ ገቢው ወተት 65 ዲግሪ ይደርሳል። እንፋሎት የሚያመነጨው ቦይለር በሙቅ ውሃ በኩል የሚጨምረው 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ፕሌቶቹ ቆሽሸው 90ው ወደ 80 ቢወርድስ? ወተቱ 58 ላይ ይቆማል። 14 ዲግሪ ገደማ ቦይለሩ ላይ ይወድቃል። የጠፋው አሥር በመቶ ይመስላል፤ ለማሞቅ የሚሄደው እንፋሎት ግን እጥፍ ሆኗል። ወተቱን መልሶ ወደ 4 ዲግሪ የሚያወርደው የማቀዝቀዣውም ሥራ እንደዚሁ እጥፍ ይሆናል። ይህን የሚያይ ሰው ፋብሪካው ውስጥ ከሌለ ነዳጁ ዝም ብሎ ይቃጠላል።

የመመረቂያ ሥራሽን ጭምቅ ሐሳብ አንብቤዋለሁ። ፕሌቱ ላይ ያሉት ሞገድ መሰል እጥፋቶች የተጋደሙበትን ማዕዘን ቀይረሻል፣ የፕሌቱንም ቁጥር ጨምረሻል። በንጹሕ ፕሌት ላይ ስሌትሽ ልክ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ግን ፕሌት ንጹሕ ሆኖ አይቆይም። ፕሌቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ስቴንለስ ስቲል ነው። በውሃው በኩል ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናውቀው ነጭ ቅርፊት ይጋገርበታል። በወተቱ በኩል ደግሞ ፕሮቲንና ካልሲየም ፎስፌት ይለጠፍበታል። ያ ነጭ ቅርፊት ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከስቲሉ ብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። የፕሌቱን ያህል ከወፈረ ሙቀቱን የሚያግደው ቅርፊቱ እንጂ ብረቱ አይደለም።

ሌላም አለ። ፍሰቱ ሳይጨምር ጎን ለጎን ፕሌት ስትጨምሪ በእያንዳንዱ መስመር የሚያልፈው ፈሳሽ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ቆሻሻውን ጠርጎ የሚወስደው ኃይል ይደክማል። ለቅልጥፍና ተብሎ የተጨመረው ፕሌት ቶሎ ይቆሽሻል። ማዕዘኑን ብታሰፊው ፈሳሹ በደንብ ይናወጣል፣ ሙቀቱም በደንብ ይተላለፋል፤ ግን ፈሳሹ ሲያልፍ የሚያጣው ግፊት ይጨምራል፣ ፓምፑ ይችለዋል ወይ? ደግሞ ወተቱን የሚያሞቀውን ውሃ በስሌትሽ 95 ዲግሪ ብለሽ አስገብተሻል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ናት። ክፍት ታንከር ውስጥ ያለ ውሃ እዚያ 94 አካባቢ ይፈላል። ውሃው በግፊት ካልተዘጋ 95 የሚባል ነገር የለም። ይህን ኮምፒውተሩ አልነገረሽም። ቴርሞሜትሩ በመጀመሪያው ሳምንት ይነግርሻል።

አሁን ወደ አባትሽ። አከብራቸዋለሁ፣ ግን ተሳስተዋል። ደሴ ፒያሳ ላይ «ልጅዎ ምን ላይ ደረሰች?» ሲባሉ የሚመልሱት ነገር እንዳያንሳቸው ነው የሚጨነቁት። ያ ጭንቀት የእሳቸው ነው፤ ሕይወትሽ የሚመራበት መሆን የለበትም። አዲስ አበባ አክስት ቤት መኖርም በነጻ አይደለም። ታክሲው፣ ምሳው፣ የአክስትሽ ፊት፣ ሁሉም ይከፈላል፤ ሁለት ዓመት ያለ ደመወዝ። ባንክ ጥሩ ሥራ ነው፤ አምስት ዓመት የደከምሽበት ግን እሱ አይደለም። ትምህርትሽን ከብክነት የሚያድነው ያ ያፈሩበት መፍቻ ነው። የ65ቱንና የ58ቱን ስሌት ቁጭ ብለሽ አሳያቸው። እኔ ወደ ምክር ሥራ የመጣሁት በቦይለር ክፍል በኩል ነው፤ ሙቀት ምን እንደሆነ የገባኝም እዚያ ነው።

ማስተርሱን አልተቃወምኩም፤ ባዶ እጅሽን አትሂጂ ነው የምለው። ሥራ እንደጀመርሽ ደብተር ያዢ። በየፈረቃው አራቱን የሙቀት ልኬቶች (የወተቱንና የውሃውን፣ ሲገቡና ሲወጡ)፣ የሁለቱን ፈሳሾች ፍሰት፣ የመግቢያና የመውጫውን ግፊት ጻፊ። ከመጨረሻው እጥበት ስንት ሰዓት እንዳለፈ አብረሽ አስፍሪ። ቅልጥፍናው መቼ መውረድ እንደጀመረ፣ በኮስቲክ ሶዳና በናይትሪክ አሲድ ከታጠበ በኋላስ ምን ያህል እንደተመለሰ ይታይሻል። ማጠብ ያለብን መቼ ነው የሚለው ጥያቄ ራሱ የማስተርስ ጽሑፍ ይወጣዋል። መምህራኖችሽ እዚያው ከተማ ናቸው። ደብተሩን ይዘሽ ቢሯቸው ግቢ።

ደመወዙ ትንሽ ነው ብለሻል። አዎ፣ ትንሽ ነው። ከደሴ በየቀኑ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተመላለስሽ ሚኒባሱ ይጨርሰዋል። ከክፍልሽ ልጅ ጋር ኮምቦልቻ ቤት ተከራዪ። ለቤት የመጀመሪያውን ዓመት ብር እንደማትልኪ ካሁኑ ንገሪያቸው።

ስለ እንግሊዝኛሽና ስለ ውጤትሽም ተጨንቀሻል። እንግሊዝኛሽን የማሽኑ ማንዋል ያስተካክለዋል፤ በቀን ሁለት ገጽ ይበቃል። ስለ ውጤትሽ አትጨነቂ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፈሻል።

የሌሊት ፈረቃው ግን ቀልድ አይደለም። ሴት አንቺ ብቻ ከሆንሽ የሌሊት ሰርቪስና የሴቶች ልብስ መቀየሪያ እንዳለ ሳታረጋግጪ አትፈርሚ። ሰርቪሱ ውሉ ላይ ይጻፍ። የሥራ መደቡ ስም ላይ አትጨቃጨቂ፤ ፕሌቶቹ ተፈትተው በሚታጠቡበት ቀን ሁሉ መገኘት እንደምትፈልጊ ግን ለጥገና ኃላፊው ካሁኑ ንገሪው።