ጠይቁኝ፦ «ሚሽነሪ ሆነሽ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሪ ነበር?»

ባለፈው እትም ስለ ሌላ ጉዳይ ስጽፍ፣ ሰሜን ኬንያ ሎድዋር የምትባል ከተማ ውስጥ ሁለት ዓመት ሚሽነሪ ሆኜ እንዳገለገልኩ በአንድ መስመር ጠቅሼ አልፌ ነበር። ያቺ አንድ መስመር ይሄን ሁሉ ጥያቄ ትጎትታለች ብዬ አልጠበቅኩም። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልዲያ ጻፋችሁልኝ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስም አላወጣሁም። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሰኞ ገበያ ነው ያደግኩት። የሄድኩት በ23 ዓመቴ ነው። የምመልሰው ከራሴ ኑሮ ስለሆነ ሌላ አገር የሄደ ሰው ሌላ ነገር ቢላችሁ አትገረሙ።

«ሚሽነሪ ሲባል ለእኔ ሁሌ ስብከት ነው። እውነቱን ንገሪኝ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠሪ ነበር?» (ወጣት፣ ከደሴ)

ውሃ ስቀዳ። አልቀለድኩም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነስቼ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዤ ቦኖ እሰለፋለሁ። ሰልፉ ላይ ከሴቶቹ ጋር እናወራለን፤ ማለቴ እነሱ ያወራሉ፣ እኔ እስቃለሁ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚሉት አይገባኝም ነበር። 12 ሰዓት ላይ አብራኝ ከምትኖረው ጓደኛዬ ጋር ጸሎት። እሷ ከምዕራብ ኬንያ የመጣች ልጅ ናት። በጸሎት ላይ አንድ ነን፣ በመጥረጊያ ላይ ግን ተጣልተናል፤ እኔ ማታ እጠርጋለሁ ስል እሷ ማታ የተጠረገ ቤት ጠዋት እንደገና አቧራ ነው ትላለች። ትክክል ነበረች።

2 ሰዓት ላይ የቤተ ክርስቲያኗ መዋዕለ ሕፃናት። ልጆቹ አብዛኞቹ የሚመጡት ለኡጂ ነው። ኡጂ ማለት የእኛ አጥሚት በሉት፣ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ቀጠን ያለ። እኔ ኡጂ እቀዳለሁ፣ ንፍጥ እጠርጋለሁ፣ መዝሙር አስተምራለሁ፣ ፊደል አስቆጥራለሁ። ከ6 እስከ 9 ሰዓት ማንም ሰው ምንም አይሠራም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሎድዋር 500 ሜትር አካባቢ። የጦሳን ጉም ስትጠጣ ላደገች ልጅ ይሄ ቀልድ አይደለም። ግራር ሥር ምንጣፍ አንጥፈን እንተኛለን። ወንዶቹ ኤኪቾሎንግ የምትባል ትንሽ የእንጨት በርጩማ ሁሌ በእጃቸው ይዘው ነው የሚሄዱት፤ ሲፈልጉ ይቀመጡባታል፣ ሲፈልጉ ራሳቸውን ያሳርፉባታል። ቀናሁባቸው።

ከ9 ሰዓት በኋላ ቋንቋ ጥናት፣ የታመመ ሰው ጥየቃ፣ ማታ ሁለት ሦስት ቀን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት። ሌሊት ግቢ ውስጥ አጎበር ዘርግተን ነው የምንተኛው፣ ቤት ውስጥ አይቻልም። ጠዋት ጫማ ሳይራገፍ አይደረግም፣ ጊንጥ አለ። ስብከት ላልከው ግን፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰው ፊት ቆሜ የሰበክሁበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው።

«ልጄ፣ የእኔም ልጅ እሄዳለሁ ብላ ይዛኛለች። ገና 22 ዓመቷ ነው። እንቅልፍ አጣሁ። ሰው አገር ምን ይገጥማታል?» (እናት፣ ከኮምቦልቻ)

እናቴ፣ አብሽሩ። የእኔም እናት እንደዚሁ ሆና ነበር፤ ሦስት ቀን አላናገረችኝም፣ በአራተኛው ቀን በሶ መፍጨት ጀመረች።

ሰው አገር ክፉ ነው የሚለውን ፍርሃት ሳስብ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ክራፕፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሚሽነሪ ነበረ፣ አንኮበር ንጉሥ ሳህለ ሥላሴ ዘንድ የቆየ። እ.ኤ.አ. በ1842 ወደ ጎንደር ሊሄድ ተነስቶ በእኛው በወሎ ሲያልፍ፣ አዳራ ቢሌ የሚባል ባላባት መጀመሪያ ደህና አድርጎ ተቀበለው፤ ሲመለስ ግን አስሮ ያለውን ሁሉ ወሰደበት። ሰውየው ያለ ምንም በመንገድ እየለመነ ምጽዋ ደረሰ። የእሱ እናት ዜናውን በሰማች ጊዜ ወሎን ምን ብላ እንደረገመች እግዜር ይወቀው። እና እኛ ክፉዎች ነን? አይደለንም። አንድ ሰው ክፉ ነገር ገጥሞታል፣ ያው ነው።

ይልቅ ልጅዎን ከመሄዷ በፊት አራት ነገር ይጠይቋት። እዚያ የሚቀበላት ሰው ማነው፣ ስልኩስ በእጅዎ አለ? ብትታመም ሐኪም ቤት የሚከፍለው ማነው? በቃኝ ብትል የመመለሻ ትኬቷን የሚቆርጠው ማነው? ፓስፖርቷ በማን እጅ ይሆናል? የመጨረሻው መልስ «በራሴ» ካልሆነ አይላኳት። ወረቀቱም ይታይ። ኬንያ ከሆነ፣ ለጉብኝት መግባትና ለአገልግሎት መቀመጥ አንድ አይደሉም፤ ለሃይማኖት አገልጋይ የሚሰጠው ፈቃድ «ክላስ አይ» ይባላል። «ዝም ብለሽ ነይ፣ እዚህ እናስተካክላለን» ካሏት ትጠርጥር።

ወባ ይይዛታል። እኔን ሦስት ጊዜ ይዞኛል። እርስዎ የኮምቦልቻ ሰው ነዎት፣ ስለ ወባ እኔ ለእርስዎ አልነግርም። ስልክ ደግሞ በየቀኑ አይጠብቁ፣ ቀን ይቁረጡላት። እኛ እሑድ ማታ ነበር።

«ቋንቋ ሳልችል ብሄድ አልደነቁርም?» (ወጣት ሴት፣ ከሐይቅ)

ትደነቁሪያለሽ። ስድስት ወር ያህል። ግን ወሎዬ መሆንሽ ይረዳሻል፣ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

የመጀመሪያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጬ ምንም አልገባኝም። ድንገት መሪው «ሳዳካ» አለ። ዘወር አልኩ። ሰደቃ? እዚህ? ከዚያ ቅርጫት ዞረ፤ ለካ በስዋሂሊ የቤተ ክርስቲያን መባ ሳዳካ ነው። ቀጥሎ «ባራካ» አለ፣ በረከት ማለቱ ነው፤ እኔ ግን ሦስተኛው ስኒ ቡና መጣልኝ። ዱንያውም «ዱኒያ» ነው። ስዋሂሊ ከዐረብኛ ብዙ ቃል ወስዷል፣ እኛ ደግሞ እነዚህኑ ቃላት ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን አፍ ስንሰማ ነው ያደግነው። ሰኞ ገበያ በነጻ ስንት ቃል አስተምሮኝ እንደነበር ያወቅኩት ኬንያ ሄጄ ነው።

ሰዓቱም እንደኛ ነው! በስዋሂሊ «ሳ ምቢሊ» ሲሉ ቃል በቃል ሁለት ሰዓት ነው፣ የእኛው የጠዋት ሁለት ሰዓት። የተቀሩት የውጭ አገር ሰዎች በዚህ ግራ ሲጋቡ እኔ ብቻ በሰዓቱ እገኝ ነበር። በሕይወቴ ሰዓት አክባሪ የተባልኩት ያኔ ብቻ ነው።

የቅድሙ ክራፕፍ ደግሞ፣ ከዚህ ተዘርፎ ከሄደ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1844 ሞምባሳ ገብቶ ስዋሂሊ አጥንቶ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። ከሞተ በኋላ በ1882 ታተመ።

ስዋሂሊ ግን ከተማ ውስጥ ነው። ከከተማ ወጣ ስትዪ ሰው ቱርካና ነው የሚናገረው፤ እሱ ጋ ዐረብኛ አያድንሽም። «ኤጆካ» ብሎ ሰላም ማለትና እግዚአብሔር «አኩጅ» እንደሚባል ማወቅ ላይ ቆሜ ቀረሁ ማለት ይቻላል። አፍሬበታለሁ አሁንም።

«በጣም የከበደሽ ምን ነበር?» (ከደሴ፣ ከወልዲያም ተመሳሳይ ጥያቄ)

ሰዎች ሙቀቱ ወይ ምግቡ የምል ይመስላቸዋል። አይደለም። የከበደኝ መቀበል ነው። ልረዳ ነው የሄድኩት፣ እንደዚያ ተብዬ ነው ተጸልዮ የተሸኘሁት። ደርሼ ግን ውሃ መቅዳት የማልችል፣ ከሰል ማቀጣጠል የሚያቅተኝ፣ መንገድ የሚጠፋኝ ሰው ሆንኩ። የረዱኝ እነሱ ናቸው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ናፍቆት በረታብኝና ቡና ላፍላ አልኩ። እዚያ አገር ቡና ያመርታሉ እንጂ በየቤቱ የሚጠጣው ወተት ያለው ሻይ ነው። ከቤት ያመጣሁትን ጥሬ ቡና አጠብኩ፣ ከሰል ላይ ብረት ምጣድ ጣድኩ፣ መቁላት ጀመርኩ። ቡናው እየጠቆረ፣ ዘይቱ ብቅ ብቅ እያለ፣ ጭሱ ግቢውን ሞላው። እንደ ቤቴ ጭሱን በእጄ ወደ ጎረቤት ሰደድ አደረግኩት። ጎረቤቴ ማማ ደንግጣ መጣች። ምጣዱን አየች፣ እኔን አየች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ፖሌ፣ ፖሌ ሳና» አለችኝ። አይዞሽ፣ በጣም አዝናለሁ እንደማለት ነው። ምግቤን ያሳረርኩ መስሏታል! ላስረዳት ብል ቋንቋ የለኝም። በነገታው ጠዋት በር ተንኳኳ። ማማ ናት፣ በጣሳ ሙሉ ቦሎቄ ይዛ። ያሳረርኩትን ልትተካልኝ ነው። በወቅቱ ዝናብ ጠፍቶ እሷ ራሷ በቀን አንዴ ነበር የምትበላው።

ወሎ እንግዳ መቀበል ያውቃል እንላለን፣ ንጉሥ ሚካኤልም ደሴ ላይ ያሠሩትን የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ብለውታል። እንግዳ ሆኖ መገኘት ግን ማን አስተማረን? ቦሎቄውን ተቀበልኩ። ቀቅዬ በላሁት። እያለቀስኩ ነበር፣ ሽንኩርቱም ነው።

«እህት ዓለም አትቀየሚኝ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እናቴ ከክርስቲያን ቤት የመጣች ናት። ወሎ ተወልዶ የሰው ሃይማኖት ለማስቀየር ባሕር ማዶ መሄድ አይከብድም?» (ከወልዲያ)

ባሕር አልተሻገርኩም ወንድሜ፣ ሞያሌን ነው የተሻገርኩት። አልቀየምም፣ የአባቴ እህት ሙስሊም ናት። እኛ ቤት ሠርግ ሲኖር ለሁለቱም ወገን ለየብቻ እንደሚታረድ ታውቃለህ፣ ያንተም ቤት እንደዚያው ነው። ሃይማኖት በግድ ሲሆን ምን እንደሚመስል ደግሞ ወሎ ከማንም በላይ ያውቃል። ከደሴ ብዙም የማይርቀው ቦሩ ሜዳ ላይ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ጉባኤ ጠርተው የወሎ ሙስሊም ይጠመቅ ተባለ፤ ገዢው መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል ሆነ፣ ብዙው ሰው ግን ቀን ክርስቲያን ማታ እስላም ሆኖ ኖረ፣ የተሰደደም ሞልቷል። ያንን ታሪክ የሰማ ሰው ማንንም አያስገድድም።

ስለ ኢየሱስ ተናግሬያለሁ፣ አልደብቅህም፤ ለዚያ ነው የሄድኩት። የጠየቀኝ ካለ እነግራለሁ፣ ያልጠየቀኝን ውሃ ላይ እጠብቀዋለሁ። በእኔ ምክንያት ስንት ሰው አመነ ብትለኝ ግን በእርግጠኝነት አንድም አልቆጥርልህም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለተኛው ዓመት ላይ የላኩኝ ሰዎች ሦስት ወር ገንዘብ ሳይልኩ ቀሩ። ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ አልገባኝም። ዱቄት፣ ስኳርና ሳሙና በዱቤ የሰጠኝ የሰፈሩ ሱማሌ ባለሱቅ ነው። አስቦ ነው፣ ሚሽነሪ መሆኔን እያወቀ። በሰማያዊ ደብተር ላይ «ሐበሻ» ብሎ ጽፎ ከሥሩ ይደምርልኛል። «ረስተውሻል እንዴ?» ይለኝ ነበር እየሳቀ። እንግዲህ ሚሽነሪዋን ማን አበላት ካልክ፣ መልሱ ይሄ ነው።

«ደመወዝ ስንት ነው?» (ተማሪ፣ ከደሴ)

ደመወዝ የለም። ራስህ ደጋፊ ታሰባስባለህ፤ ቤተ ዘመድ፣ የጸሎት ጓደኞች፣ ምእመናን፣ በየወሩ የቻሉትን ያዋጣሉ። ያ ብር ወደ ውጭ ገንዘብ ሲለወጥ ያንሳል። እዚያ ስትደርስ ሁሉ ነገር በኤም-ፔሳ ነው፣ ቲማቲም ሳይቀር፤ ስለዚህ በፓስፖርትህ ሲም አውጣ። የሦስት ወር ወጪ ሳይነካ የሚቀመጥ ገንዘብ ሳትይዝ አትሂድ። ለምን እንደምልህ ከላይ አንብበሃል።

«ፍቅረኛ ቢኖረኝስ?» (ከኮምቦልቻ)

ንገራት። ሁለት ዓመት ረጅም ነው። የእኔ አልጠበቀኝም፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ሁለት ልጆች አሉት።

«በሚቀጥለው ወር ልሄድ ነው። ሻንጣዬ 23 ኪሎ ብቻ ነው። ምን ልያዝ?» (ወጣት ሴት፣ ከደሴ)

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅሽ። ክፍት ጫማ። ነጠላ፣ ለጸሐይም ለቤተ ክርስቲያንም። በርበሬ፣ በሶ፣ ጥሬ ቡና። አጎበር አትሸከሚ፣ እዚያ አለ። የቤተሰብ ፎቶ የታጠበ ይሁን፤ ስልክ ቻርጅ የሚያልቅበት ቀን ብዙ ነው፣ ሰው ቤት ስትሄጂም መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እናትሽን እንድታሳዪያቸው ነው።

ጀበና ሁለት ያዢ፣ በልብስ ጠቅልለሽ። አንዱ መንገድ ላይ ይሰበራል። የእኔ ሁለቱም በደህና ደረሱ፤ ስመለስ አንዱን ለማማ ትቼላት መጣሁ። ሻይ ታፈላበታለች አሉ።