ሁለት ቴርሞሜትርና አንድ እርጥብ ጨርቅ፦ ስለ አየር እርጥበት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በቴርሞሜትር እርጥበት እንዴት ይለካል?

መልስ፦ አንዱን ደረቁን ትተወዋለህ፤ የሌላውን ታችኛ ጫፍ በራሰ ስስ ጨርቅ ትጠቀልላለህ። ውሃው ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ እርጥቡ ዝቅ ይላል። አየሩ በደረቀ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። ሁለቱ እኩል ከሆኑ አየሩ 100 በመቶ ጠግቧል፤ ጭጋግ በዋለበት ቀን ሞክረው።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ጨርቅ?

መልስ፦ ጥጥ። የፋርማሲ ፋሻም ሆነ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ይሆናል፤ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይለቅለቅ። የዝናብ ውሃ ከቧንቧው ይሻላል፤ የቧንቧው ጨርቁ ላይ ጨው ይተዋል።

ጥያቄ፦ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ሁሌ እርጥበቱ ብዙ ነው ይለኛል።

መልስ፦ ነፋስ አላገኘማ! የቆመ አየር እርጥቡን በቅጡ አያቀዘቅዘውም። ጥላ ውስጥ ሆነሽ ቁጥሩ መውረዱን እስኪያቆም አራግቢው፤ መጀመሪያ እርጥቡን አንብቢ።

ጥያቄ፦ ሁለቱን ንባቦች ወደ እርጥበት መቶኛ የሚቀይር ሰንጠረዥ ከኢንተርኔት አወረድኩ፤ ለአዲስ አበባ ይሠራል?

መልስ፦ እንዳለ አይሠራም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ሰንጠረዥ የተሰላው ለባሕር ጠለል፣ ለ1013 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ) ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ግፊቷ 770 ገደማ ነው። ደረቁ 20፣ እርጥቡ 14 ዲግሪ አነበበ እንበል። አየር በ14 ዲግሪ ሊይዝ የሚችለው የተን ግፊት (ተኑ ብቻውን የሚያሳድረው ግፊት) 16 ሄክቶፓስካል ነው። ከዚያ ላይ 0.00066 (የዚህ ስሌት ቋሚ ቁጥር) በአየሩ ግፊት በ770፣ ከዚያም በልዩነቱ በ6 ተባዝቶ ይቀነሳል፤ 13 ገደማ ይቀራል። ይህን አየር በ20 ዲግሪ ሊይዝ ለሚችለው ለ23.4 ስታካፍለው 55 በመቶ ይመጣል። የባሕር ጠለሉ ሰንጠረዥ ግን 51 ይልሃል። በበጋ ልዩነቱ ሲሰፋ ስህተቱም ይብሳል። ጅቡቲ ያላችሁ በሰንጠረዡ ተጠቀሙ፣ ችግር የለም።

ጥያቄ፦ ዲጂታሉ መለኪያዬ ልክ መሆኑን እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ በጠርሙስ ክዳን የገበታ ጨው አድርገህ በጥቂት ውሃ አርጥበው፤ ጨው ሳይሟሟ መቅረት አለበት። ከመለኪያው ጋር በላስቲክ አሽገህ አሳድረው። 75 በመቶ ማንበብ አለበት፤ 70 ካለ በዚያ አካባቢ 5 እየጨመርክ አንብብ።

ጥያቄ፦ ጠዋት 80፣ ከሰዓት 40 ይላል። እርጥበቱ የት ገባ?

መልስ፦ የትም። አየሩ ሲሞቅ የመያዝ አቅሙ ስለሚያድግ፣ ያው ተን በመቶኛ ሲሰላ ያንሳል። ቀን ከቀን ማወዳደር ከፈለግሽ ሁሌ በአንድ ሰዓት ላይ ለኪ።