ከአዞው በፊት አሸዋውን እዩ

ልጆቼ፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ወደ «አዞ ገበያ»፣ አዞዎች በብዛት ወደሚሰበሰቡበት ዳርቻ፣ ስትሄዱ ዓይናችሁ አፉን ከፍቶ ፀሐይ የሚሞቀው አዞ ላይ ማረፉ አይቀርም። ሙያችሁ ጥበቃ ከሆነ ግን አሸዋውን እዩ። እናቲቱ ጎርፍ የማይደርስበት ከፍ ያለ አሸዋ መርጣ፣ እስከ ግማሽ ሜትር ቆፍራ ሃምሳ ገደማ እንቁላል ትቀብራለች። ማሳው እስከ ውኃው ጠርዝ ከታረሰ፣ ከብትም ከረገጠው፣ አንድም አዞ ሳይገደል ዘሩ ይመናመናል። የአርባ ምንጩ የአዞ እርባታም የተነሳው ከጫሞና ከአባያ ሐይቆች ዘር ነው።

እናቲቱ ሦስት ወር ገደማ ጎጆዋን ትጠብቃለች። ደጋግማችሁ ካስደነገጣችኋት ውኃ ውስጥ ትቆያለች፤ እንቁላሉን የሚበላው አርጃኖ ደግሞ ይህንኑ ነው የሚጠብቀው። በጥናት ስም በየቀኑ ጎጆ የሚጎበኝ ተማሪ ከአርጃኖ ብዙም አይሻልም።

ጎርፍ አስግቶ እንቁላል ማንሳት ግድ ከሆነ፣ ከመንካታችሁ በፊት አናቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ሲነሳም፣ ሲጓዝም፣ ሲቀበርም ምልክቱ ወደ ላይ ይሁን። ከተጣለ አንድ ቀን ገደማ በኋላ ሽሉ ከቅርፊቱ ውስጠኛ ሽፋን ጋር ስለሚጣበቅ፣ የተገለበጠ እንቁላል ይሞታል። አዲሱ ጉድጓድ የመጀመሪያውን ያህል ጥልቀትና ፀሐይ ይኑረው፤ ጾታን የሚወስነው ሙቀት ነውና። 31 ዲግሪና ከዚያ በታች ሴት ይበዛል፣ 33 አካባቢ ወንድ። ለእንቁላሉ አዝናችሁ ጥላ ሥር ከቀበራችሁት የጫጩቶቹን ጾታ ትለውጣላችሁ።

ቆጠራው በሌሊት ነው፤ በባትሪ ብርሃን የሚቀላውን ዓይን ትቆጥራላችሁ። ጨረቃና ነፋስ የሌለበትን ሌሊት ምረጡ፤ ማዕበል ዓይኑን ይሸፍናል። መስመሩ፣ ሰዓቱ፣ ባትሪው በየዓመቱ አይቀየር። ጭንቅላቱ በደንብ ከታየ ርዝመቱን በ7 አባዙት፣ የሙሉ አካሉ ግምት ይሆናል። ካልታየ «ዓይን ብቻ» ብላችሁ ጻፉ እንጂ አትገምቱ።

የአሳ መረብ ግን ከጥይት ይልቅ በዝምታ ይገድላል። አዞው የተያዘውን አሳ ሊበላ ይመጣል፣ ይጠላለፋል፣ አየር አጥቶ ይሞታል፤ አስጋሪውም መረቡ ይቀደድበታል። ቂሙ አይገርመኝም። በሕይወት ካገኛችሁት በእርጥብ ጆንያ ዓይኑን ሸፍኑ፣ አፉን እሰሩ፣ እንዲታገል አትተዉት። ትልቅ አዞ ብዙ ከታገለ በጡንቻው የሚጠራቀመው አሲድ ከተለቀቀ ከሰዓታት በኋላም ሊገድለው ይችላል፤ ስለዚህ ዋኝቶ ስለሄደ ብቻ «ተርፏል» ብላችሁ አትመዝግቡ።

ልጁን አዞ የወሰደበት መንደር ስለ ጥበቃ ሊሰማችሁ አይገደድም። ውኃ መቅጃውን በጠንካራ እንጨት አጥሩ። ዝናቡ ሲያበቃም ተመልሳችሁ እዩት፤ ሐይቁ ከሞላ አጥሩ ውኃ ውስጥ ይቀራል፣ ሴቶቹም ከአጥሩ ውጭ ይቀዳሉ።