መጀመሪያ ሜትር ይዘሽ ግቢ

«ጋሼ፣ ደሴ ላይ ትንሽ ፎቶ ቤት ከፍቼ እየሠራሁ ነው። ካሜራዬ ካኖን 700ዲ ነው፤ ሌንሴም አብሮት የመጣው 18-55። ጉርድ ሳነሳ አፍንጫ ይተልቅብኛል። ደንበኞቼ ‹ይሄ እኔን አይመስልም› እያሉ ይመልሱልኛል። ከኋላ ያለው ጨርቅም ከነጭምድዱ ይታያል። አንድ ልጅ ያገለገለ 85 በ1.8 ሊሸጥልኝ ነው። ሌላው 75-300 ግዢ ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ 50 ይበቃሻል ባይ ናት። ብሬ የሚበቃው ለአንድ ሌንስ ብቻ ነው። የሴቶች ሰርግና ሂና ላይም እየተጠራሁ አነሳለሁ። ነሐሴ ላይ ለአሸንድዬ ላሊበላ ልወጣ አስቤያለሁ። የቱን ልግዛ?»

እህቴ፣ አብሽሪ። ጥያቄሽ ሦስት ሌንስ ይዟል፤ የክፍልሽ ርዝመት ግን የለበትም። (ለጀማሪ ልበል፦ 85፣ 50፣ 18-55 የሚሉት በሚሊ ሜትር ናቸው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ሌንሱ ጠብቦ፣ አቅርቦ ያሳያል። «በ1.8» የሚለው የሌንሱ ቀዳዳ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብርሃንም በብዛት ይገባል።) ለዚህ ነው መልሼ «ሜትር ፈልጊና ለኪ» ያልኩሽ። ልኬቱ መጣ፤ ጨርቁ ከተሰቀለበት ግድግዳ እስከ በሩ 4 ሜትር። በሩ አስፋልት ላይ ይከፈታል። በቃ፣ የመልሱ ግማሽ እዚያ ውስጥ አለ።

ሒሳቡን ላሳይሽ። ደንበኛሽ ከጨርቁ ቢያንስ 1 ሜትር ፈቀቅ ብላ መቀመጥ አለባት፤ ለምን እንደሆነ ኋላ እመጣበታለሁ። አንቺ ራስሽ ከነካሜራሽ ግማሽ ሜትር ትይዣለሽ። ከሌንሱ እስከ ፊቷ የሚቀርሽ 2 ሜትር ተኩል ነው። ሌንስ የምንመርጠው ለዚህች 2 ሜትር ተኩል ነው።

የ700ዲ ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ምስሉን የሚሠራው ክፍል፣ ከፉል ፍሬም (የድሮውን ፊልም ከሚያህለው ሴንሰር) ያንሳል። ስለዚህ የትኛውም ሌንስ እዚህ ካሜራ ላይ 1.6 ጊዜ ጠብቦ ያሳያል። 50ው እንደ 80 ይሆናል፤ 85ቱ እንደ 136። ኢንተርኔት ላይ «ለፖርትሬት 85 ነው» የሚሉሽ አብዛኞቹ ፉል ፍሬም ይዘው ነው የሚያወሩት። የእነሱ 85 ላንቺ 50 ነው ብትዪ ብዙም አልተሳሳትሽም።

ካሜራውን በቁመቱ ይዘሽ በ85 ጉርድ ለማንሳት 2 ሜትር ከ30 ገደማ ያስፈልግሻል። በጭንቅ ትገቢያለሽ፤ ጀርባሽ በሩን ተደግፎ። ከወገብ በላይ ከሆነ 3 ሜትር ከ40 ይፈልጋል፤ የለሽም። ሙሉ ቁመና ሲሆን 7 ሜትር ተኩል። ያኔ አስፋልቱ መሃል ቆመሽ ባጃጅ ጡሩንባ እየነፋብሽ ነው የምታነሺው። በ50 ግን ጉርዱ በ1 ሜትር ከ35፣ ከወገብ በላይ ያለው በ2 ሜትር ያልቃል። ሙሉ ቁመና በ50ም 4 ሜትር ተኩል ይፈልጋል፤ ለሱ ያው 18-55ሽ አለልሽ። ወደ 28 አካባቢ አምጪው፣ 2 ሜትር ተኩል ላይ ቁሚ፣ ይበቃል። እንዳትሸጪው።

እኔ ይሄን በሒሳብ አልተማርኩትም። ወጣት ሳለሁ ያለ የሌለ ገንዘቤን ሰብስቤ 85 ገዛሁ። በሳምንቱ ኩታበር አካባቢ ሰርግ ተጠራሁ። ሙሽሪት ያለችው ጓዳ ውስጥ ነው። ዙሪያዋን ሚዜ፣ አክስት፣ ሕፃን። ወደ ኋላ ስል ግድግዳ። ጎንበስ ስል የሰው ጉልበት። ቢቸግረኝ ወጥቼ በመስኮት አነሳኋት። ፎቶው ላይ የመስኮቱ ብረት ፊቷን ለሁለት ከፍሎታል። እናትየው እስከ ዛሬ ባገኘችኝ ቁጥር «ያ ሌባ መጣ» እያለች ትስቅብኛለች። አንቺ የምትጠሪበት የሴቶች ክፍል ከዚያ ጓዳ ብዙም አይሰፋም። 85 ክፉ ሌንስ ሆኖ አይደለም፤ ግሩም ነው። ቤት የለንም እንጂ።

አሁን ወደ አፍንጫው። አፍንጫ የሚያተልቀው ቅርበት ነው። ዙሙን 18 ላይ ትተሽ ጉርድ ለማንሳት ግማሽ ሜትር ድረስ ተጠግተሻል። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ አለ እንበል። አፍንጫው ከሌንሱ 48 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሆን ጆሮው 60 ላይ ነው። አፍንጫው ከጆሮው አንጻር በ25 በመቶ ገዝፎ ይወጣል ማለት ነው። 1 ሜትር ከ35 ላይ ብትቆሚ ልዩነቱ ወደ 9 በመቶ ይወርዳል። 2 ሜትር ከ30 ላይ 5 በመቶ። ከ9 ወደ 5 ያለውን ደንበኛ አይቶ አይከፍልሽም። ከ25 ወደ 9 ያለውን ግን ገና ፎቶውን ስታቀብያት ታውቀዋለች።

ስለዚህ የአፍንጫው ጣጣ ዛሬውኑ ያለ አምስት ሳንቲም ይቃለላል። የዙሙን ቀለበት ከ55 ትንሽ መለስ አድርገሽ በፕላስተር እሰሪው። 1 ሜትር ከ35 ላይ ወለሉን በኖራ ወይም በጠመኔ ምልክት አድርጊበት። አንድ ሳምንት እንደዚያ ሥሪ። 50 ሲኖርሽ ክፍሉ ምን እንደሚመስል ሳትገዢ ታይዋለሽ። ካስጨነቀሽ ያን ጊዜ ደውዪልኝና እንነጋገራለን።

ጨርቁ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ፎቶ ቤቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሁሉም «ባክግራውንዱ ብለር እንዲል» ሲል ሌንስ ይገዛል። ደንበኛዋን ግን ጨርቁ ላይ ለጥፎ ያስቀምጣታል። 50 የተዋስሽ ዕለት ይሄን ሞክሪ። ሰው ከጨርቁ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ አስቀምጠሽ በ50 በ2.8 አንሺ። ከዚያ 1 ሜትር አርቀሽ ባለሽ ሌንስ፣ በ55 በ5.6 አንሺ። ጨርቁ የበለጠ የሚደበዝዘው በሁለተኛው ነው። ርቀቱ ከሌንሱ በላይ ይሠራል። ርቀቱም ሌንሱም ሲኖርሽ ደግሞ ጨርቁ ግድግዳ ይሁን ሰማይ አይለይም። እስከዚያው ካውያ አለ፤ ጨርቁን ተኩሺው።

ታዲያ 50 ምን ይጨምርልኛል ካልሽ፣ ብርሃን። ያንቺ ሌንስ 55 ላይ ሲሆን ከ5.6 በላይ አይከፈትም። 50ው 1.8 ድረስ ይከፈታል። ይሄ 10 እጥፍ ገደማ ብርሃን ነው። ክረምት ላይ ከጦሳ ጉሙ ወርዶ ክፍልሽ በቀን ሲጨልም፣ መብራቱም ሲሄድ፣ በአሁኑ ሌንስ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበት ቁጥር) 6400 ላይ ትወጪያለሽ፤ ፊት አሸዋ ይመስላል። በ50 ያው ፎቶ 640 ላይ ይወጣል። ሂናው የሚካሄደው ማታ ነው፤ ሴቶቹም በየደቂቃው ፍላሽ ሲበራባቸው አይወዱም። እዚያ ላይ ነው 50 እንጀራሽ የሚሆነው።

ፍላሽ መጠቀም ግድ ከሆነ ወደ ጣሪያ አዙሪው። ግን ቀና ብለሽ እዪ። ኮርኒሱ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ጨርቅ ከሆነ ቀለሙ ፊት ላይ ይወርዳል። ሙሽራ ታማሚ መስላ ወጥታብኝ ታውቃለች።

1.8 አለ ተብሎ ግን ሁልጊዜ 1.8 ላይ አይሠራም። ጉርድ ስታነሺ፣ በ1 ሜትር ከ35፣ በ1.8 ጥርት የሚልልሽ ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዓይኗ ጥርት ሲል ጆሮዋ ይጠፋል። በ2.8 ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በ4 ደግሞ 11። እስቲ አስቢው፤ ወሎ ውስጥ ፎቶ ቤት የምትመጣ ልጅ ግማሽ ቀን ተቀምጣ ሹሩባ ተሠርታ ነው። ድሪዋን አድርጋለች። ሹሩባው ደብዝዞ ብትሰጫት በምን ዓይኗ ታይሻለች? ለእሷ 4 ላይ አንሺ። 1.8ን ለጨለማው አስቀምጪው። ሁለት ሙሽሮች ጎን ለጎን ካልሆኑና አንዱ ወደ ኋላ ካለ 5.6 ድረስ ሂጂ። ፎከሱን በአንድ ነጥብ፣ ወደ አንቺ በቀረበው ዓይን ላይ አድርጊ። ካሜራው ራሱ እንዲመርጥ ከተውሽው ብዙ ጊዜ አፍንጫ ይመርጣል፤ ወይ የነጠላውን ጥለት።

ስለ ነጠላ ከተነሳ፤ ነጭ ሲበዛ ካሜራው ይደናገጥና ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ፊትም አብሮ ይጠቁራል። ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም የፎቶውን ብርሃን መጠን፣ ከዜሮ ወደ ፕላስ ሁለት ትንንሽ ነጥብ (1 ቁጥር ሳይደርስ) ከፍ አድርጊው።

75-300ው ላይ ረጅም ነገር የለኝም። ቤት ውስጥ 75 ላይ እንኳ 4 ድረስ ነው የሚከፈተው፤ ከ50ው ጋር ሲተያይ ብርሃኑ አንድ አምስተኛ ነው። ውጪ ሲሆን ግን አትናቂው። ሐይቅ ሙሽሮች ይዘሽ ስትወርጂ፣ በ200 ከ8 ሜትር ላይ ከወገብ በላይ ብታነሺ ውሃውና ከኋላ ያለው ተራራ ወደ ሙሽሮቹ ተስቦ ይመጣል፤ ድብዘዛውም ያምራል። ከሰው ዓይን የሚያፍሩ ሙሽሮችም አንቺ ስትርቂላቸው ይፈታሉ። ይሄ ሌንስ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ነገር የለውም። 200 ላይ ከ1/320 ሰከንድ አትውረጂ። ለዚያ ቀን መዋስ ወይም መከራየት ይሻላል፤ መግዣው ይቅር።

እንግዲህ 50 ትገዣለሽ። የካኖን 50 በ1.8 ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ታገኛለሽ። የቆየው ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረው ነው፤ ካሜራው ላይ የሚታሰርበት ቀለበት ሳይቀር ፕላስቲክ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤስቲኤም የሚል ተጽፎበታል፤ ቀለበቱ ብረት ነው፣ ፎከስ ሲያደርግ ብዙም አይጮህም፣ እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ክብደቱ 160 ግራም ነው። ያ ልጅ የሚሸጥልሽ 85 ከ400 ግራም በላይ ነው፤ ሰርግ ላይ ሙሉ ቀን ስትይዢው አንገትሽ ይነግርሻል። ኤስቲኤሙን ፈልጊ። ዋጋ አልጽፍልሽም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይቀየራል።

ኒኮን የያዛችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም። 50 በ1.8 ዲ የሚለውን ርካሽ ብላችሁ ከገዛችሁ በእጃችሁ ስታሽከረክሩ ትውላላችሁ። ኤኤፍ-ኤስ እና ጂ የሚል ያለበትን ውሰዱ።

ያገለገለ ከሆነ ብር ከመቁጠርሽ በፊት የስልክሽን ባትሪ አብሪና ከኋላ በኩል ወደ ውስጥ ላኪው። ከፊት አሻግረሽ እዪ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካየሽ ሻጋታ ነው፤ ተዪው። «ይጸዳል» ይሉሻል። አንድ ጊዜ እንዲያ ተብዬ ገዝቻለሁ። ጸዳ፣ ክረምት መጣ፣ ተመለሰ። የደሴ እርጥበት ለሻጋታ ምቹ ነው። ሌንስሽን በቆዳ ቦርሳ ቆልፈሽ አታክርሚው፤ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሰብስበሽ አብረሽ አስቀምጪ። ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ስትወርጂም ቦርሳውን ወዲያው አትክፈቺ። መስተዋቱ ላብ ያወጣል።

ቀጥሎ ሜትርሽን ጠረጴዛ ላይ ዘርጊ። ካሜራውን ወደ ሜትሩ በሰያፍ አዘንብለሽ 30 ቁጥር ላይ በ1.8 ፎከስ አድርጊና አንሺ። ጥርት ያለው 28 ወይም 32 ከሆነ ሌንሱና ካሜራው አልተግባቡም። 700ዲ ይሄን ማስተካከያ የለውም። በስክሪኑ በላይቭ ቪው እያየሽ ካነሳሽ ግን ይስተካከላል፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ። ሻጩ ዋጋ ከቀነሰ እንደዚያም ይኬዳል።

ስለ አሸንድዬ። ነሐሴ 16 ከመድረሱ በፊት ሁለቱን ሌንስ ይዘሽ ውጪ። ልጆቹ በቡድን ሆነው ሲጨፍሩ 18-55፣ ከ1/500 ሰከንድ ባላነሰ። አረፍ ሲሉ ደግሞ አንዷን ለምነሽ ከጥላው ጠርዝ አቁሚያትና 50ውን ግጠሚ፤ 2.8 ላይ፣ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዙረሽ። ከዐለት የተፈለፈሉት ቤተ ክርስቲያኖች ውስጥ 50 ይጠብብሻል፤ ጨለማውን ግን ያሸንፍልሻል፤ አንድ ፊት ብቻ ፈልጊ። ነሐሴ ነውና ሁለት ንጹሕ ፌስታል ኪስሽ ይኑር፤ አንዱ ለካሜራው፣ አንዱ ለሌንሱ።