ስለ ጋዝ መስመርና ስለ ጋዝ ማፈትለክ፦ ጠይቁኝ

የጋዝ መስመር ፍተሻ ሥራዬ ነው። ግራ የገባችሁን ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ለአብዛኞቹ መልሱ እነሆ።

ጥያቄ፦ ያፈተለከ ጋዝ መለኪያው «10 በመቶ ኤልኢኤል» ይላል። አየሩ ውስጥ 10 በመቶ ጋዝ አለ ማለት ነው?

አይደለም። ይህን ሁሉም ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። ኤልኢኤል ማለት ጋዙ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ መቀጣጠል የሚጀምርበት ዝቅተኛው መጠን ነው። የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው፤ የሚቴን ዝቅተኛ መጠን ደግሞ ከአየሩ 5 በመቶ ገደማ ነው። መለኪያው 10 ካለ የዚያ 5 በመቶ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 0.5 በመቶ ጋዝ አለ። በፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን እጅ ስንት እጅ ተብሎ ሲቆጠር 5,000 ይሆናል። ቁጥሩ 100 ከደረሰ ግን አንድ ብልጭታ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከ15 በመቶ በላይ ጋዝ አይቀጣጠልም ሲባል ሰማሁ። ታዲያ ያኔ አያሰጋም?

በጣም ያሰጋል! ከ15 በመቶ በላይ የሆነ ሚቴን ለመቀጣጠል የሚበቃ አየር የለውም፤ እውነት ነው። ግን በሩ ሲከፈት አየር ይገባል፣ መጠኑም እየወረደ መልሶ በሚቀጣጠልበት ክልል ውስጥ ያልፋል።

ሌላም ነገር አለ። ካታሊቲክ የሚባለው ሴንሰር ጋዙን በትንሹ እያቃጠለ ነው የሚለካው፤ ለዚህም ኦክሲጅን ያስፈልገዋል። ጋዙ ሲበዛና ኦክሲጅኑ ሲያንስ ቁጥሩ ወደ ላይ ዘልሎ መልሶ ሊወርድ ይችላል። ይህን ያየ ሰው «ጠፋ» ብሎ ከገባ አለቀለት። ቁጥሩ ዘልሎ ከወረደ ውጡ። የኢንፍራሬድ ሴንሰር ኦክሲጅን ስለማይፈልግ ይህ ችግር የለበትም፤ ሃይድሮጅንን ግን አያይም።

ጥያቄ፦ ጋዝ ይሸታል አይደል? መሣሪያ ለምን ያስፈልጋል?

ሚቴን በራሱ ሽታ የለውም። የምናሸተው እንደ ሜርካፕታን ያለ፣ ሆን ተብሎ የሚጨመር ኬሚካል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ኒው ለንደን በሚባል ቦታ፣ ሽታ የሌለው ጋዝ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠራቅሞ ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ሽታ መጨመር በሕግ ግዴታ እየሆነ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሽታው ግን ሁልጊዜ አያድንም። ጋዙ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ አፈሩ ሽታውን ሊያስቀርበት ይችላል። አዲስ የብረት ቧንቧም ይመጠዋል። አፍንጫችንም ቶሎ ይለምደዋል። ረጅም ርቀት በሚሄዱ ትልልቅ መስመሮች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሽታው ጭራሽ አይጨመርም።

ጥያቄ፦ «ፒግ» ምንድን ነው?

በቧንቧው ውስጥ በጋዙ ግፊት ተገፍቶ የሚሄድ መሣሪያ ነው። ቀላሉ ዓይነት ያጸዳል። ዘመናዊው ደግሞ የብረቱን ግድግዳ በማግኔት እየፈተሸ የት እንደሳሳና የት እንደዛገ ይመዘግባል።

ጥያቄ፦ መስመሩ በመቶ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ከሆነ ማፈትለኩ ከሩቅ እንዴት ይታወቃል?

የቁጥጥር ክፍሉ ስካዳ በሚባለው ሥርዓት ግፊትንና ፍሰትን ይከታተላል። የገባው ከወጣው ጋር ይነጻጸራል። ጋዝ ግን ይጨመቃል፤ ቧንቧው ውስጥ የተጠራቀመው መጠን ከፍ ዝቅ ስለሚል ትንሽ ጉድለት በዚያ ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል። ቧንቧው በድንገት ከፈነዳ የግፊት መውረዱ እንደ ሞገድ በመስመሩ ሁለት አቅጣጫ ይሄዳል፤ ከሁለቱ ጫፍ የደረሰበት ሰዓት ሲነጻጸር ቦታው ይገመታል። ለትንንሾቹ ግን ዛሬም መስመሩን ተከትሎ በእግር፣ በመኪና ወይም ከአየር መፈተሽ የግድ ነው። በዚህ ላይ ወጪ መቆጠብ ተገቢ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ዲቴክተሩን (የጋዝ ጠቋሚውን) ከላይ ልስቀለው ወይስ ከታች?

ለተፈጥሮ ጋዝ ከጣሪያው አጠገብ፣ ምክንያቱም ሚቴን ከአየር ይቀላል። ለሲሊንደር ጋዝ ከወለሉ አጠገብ፤ ፕሮፔንና ቡቴን ይከብዳሉ፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛሉ።

ጥያቄ፦ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ አለኝ። ይበቃል?

አይበቃም። እሱ የሚያየው ነዳጅ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር የሚወጣውን መርዝ እንጂ ያፈተለከውን ጋዝ አይደለም።

ጥያቄ፦ በሳሙና አረፋ መፈተሽ ይቻላል?

አዎ፣ መገጣጠሚያው ላይ ቀቡት፤ አረፋ ከነፋ ያፈተልካል። በክብሪት ግን በፍጹም!

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ጋዝ ከሸተተኝስ?

መብራት አታብሩ፣ የበራውንም አታጥፉ፤ ሁለቱም ብልጭታ ይፈጥራሉ። ሁሉንም ሰው ይዛችሁ ውጡ። ስልክ ራቅ ብላችሁ ደውሉ። የተዘጋ ቫልቭ ካለ ባለሙያ ሳያየው አትክፈቱት።